የጅማው ስልክና የተበላው ሙክት

ከኮልፌ ወደ መርካቶ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት፣ ውጭ አገር ሠልጥኖ የመጣ የስልክ ሠራተኛ ጎረቤታቸውን ያዋክቡታል።

«ልጄ ከጅማ በቀበሌው ስልክ ሲደውል መስመሩ ይንጫጫል። አይሻሻልም?»

«ይሻሻላል እማማ። ድምፁን የሚያመጣውን የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ላይ ጭነን በቀጭን የመስታወት ክር እንልከዋለን።»

«ጥርት ብሎ?»

«የሚጭነው መሣሪያ ያጣምመዋል። እኛ ግን አስቀድመን በተቃራኒው ስለምናጣምመው ቀጥ ብሎ ይደርሳል።»

«ወይ ጉዴ። ‹ለፋሲካ የተውኩት ሙክት እንዴት ነው?› ሲለኝ ‹አይሰማም› እያልኩ ነበር የማመልጠው።»

«ሙክቱ ምን ሆነ?»

«ተበላ። እንግዲህ እኔም በተቃራኒው አጣምሜ ‹በላነው› ልበለው፣ ‹ደኅና ነው› ሆኖ ይድረሰው።»

«እንደሱ አይሠራም እማማ። ለመሆኑ ማን በላው?»

«ከጎድኑ ላንተም ልኬልህ የለም?»

«እንግዲያውስ ክሩ ትንሽ ይቆያል።»

ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ስለነበር ሳቄን ለመደበቅ እስክወርድ ድረስ ጫማዬን አየሁ።