ኬላው ላይ ያልቆመው ተጎታች

የምስክር ስም፦ ሃሌሉያ ገብረኪዳን
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀች፣ ሥራ ፈላጊ
አድራሻ፦ ነቀምቴ ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ጓደኛዬ ጨመዳ ትናንት በሲሬ መንገድ ባለው ኬላ ላይ የተዘረጋውን ገመድ በብስክሌት ጥሶ ሚሊሻ ገመቺስን አቁስሏል ተብሎ ስለታሰረበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ብስክሌቱ የጨመዳ ነው። ከኋላው የሚታሰረውን ተጎታች የሠራሁት እኔ ነኝ። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እጄን አጣጥፌ ሥራ ከምጠብቅ ብዬ ነው የጀመርኩት። አዲስ ብረት የመግዛት አቅም ስላልነበረኝ ባለሱቁ አቶ አብዱ ከጣሉት የአልጋ ብረት አካሉን፣ ከተሰባበሩ የሕፃናት ብስክሌቶች ሁለቱን ጎማ አገኘሁ። ብየዳውን አስበይጄ ከኮርቻው ሥር አያያዝኩት። እስከ ትናንት ድረስ የአቶ አብዱን እንቁላል ያለ ችግር ስናመላልስበት ቆይተናል። የፊታችን ሰኞ የከተማው አስተዳደር ባለሙያዎች መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ ይዘናል፤ ካመኑበት እኔና ጨመዳ ላቋቋምነው ማኅበር የመሥሪያ ቦታ እናገኛለን።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የዶሮ እርባታ እንቁላሉን ጭድ ላይ ደርድረን ተነሳን። መንገድ ላይ እማማ አሰገደች የተባሉ የምናውቃቸው እናት አስቆሙን። «ልጆቼ፣ ወደ ከተማ ከሆናችሁ ይቺን ለልጄ ለየሺወርቅ አድርሱልኝ፤ ትንሽ ዕቃ ናት» አሉ። በእኛ አካባቢ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው አድርስልኝ ሲባል እምቢ አይልም። ዕቃው የታሰረበት ማዳበሪያ አጭር ነበር፤ ግን ለሁለት ነው ያነሳነው። ጨመዳ «እማማ፣ ቤቱን ነቅለው ነው እንዴ የሰጡን?» ሲላቸው፣ «እንቁላል ስትጭን ውለህ እንቁላል ሆንክ እንዴ?» አሉት። ተሳሳቅን። ዕቃው የወፍጮ ድንጋይ መሆኑን ነገሩን። እንቁላል ላይ ድንጋይ ስለማይጫን ከተጎታቹ ኋላ ጫፍ ላይ አሰርነው።

ዳገቱን እኔ ከኋላ እየገፋሁ ወጣን። ጫፉ ላይ እኔ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቆምኩ፤ ጨመዳ ወደ ኬላው መውረድ ጀመረ። የብስክሌቱ የፊት ፍሬን ሽቦ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ የሚይዘው የኋላው ብቻ ነው። ድንጋዩ የተጎታቹን ጭራ ወደ ታች ሲጫነው ፊቱ የብስክሌቱን ኋላ ያነሳ ነበር። የኋላ ጎማው አስፋልቱን ነካ ለቀቅ ሲያደርግ ከላይ ሆኜ አየሁ። ፍሬኑ ጎማውን ያዘው እንጂ ጎማው መሬቱን አልያዘም።

ጨመዳ ሁለት እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ በኦሮምኛ «ፍሬን የለኝም፣ ዞር በሉ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከኬላው «ዻበዹ! ቁም!» ተባለ። አንዱ ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባብሎ አነጣጠረበት። እኔም «አትተኩሱ! እንቁላል ነው! እንቁላል ነው!» እያልኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ሚሊሻ ገመቺስ ዘሎ የባልደረባውን አፈሙዝ ወደ ላይ ገፋው፤ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። እሱ ግን ከመንገዱ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። ብስክሌቱ ገመዱን ጥሶ ሲያልፍ ተጎታቹ መትቶት ክንዱ ተሰበረ። ጨመዳ በሕይወት ያለው በሚሊሻ ገመቺስ ነው፤ ይህም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

ጨመዳ ፔዳል እየመታ ሲያመልጥ አይተናል ያሉ ምስክሮች እንዳሉ ተነግሮኛል። እግሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት መሬት ለመርገጥ ሲታገል ነው። ማረጋገጥ ስለሚቻል መርማሪውን ለምኜ፣ ዛሬ ጠዋት በጣቢያው ግቢ ድንጋዩን በነበረበት ቦታ መልሰን አሰርነው። የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ማንም ሳይነካው ከመሬት ተነሳ። መርማሪው በጫማቸው ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት በአየር ላይ ዞረ። ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ይላል፤ ቁልቁለት ላይ ለማቆም ግን አይበቃም።

ቃሌ ተነቦልኛል። መርማሪው «እህቴ፣ አስቢበት፤ ይሄ ነገር ወደ አንቺ ሊዞር ይችላል፣ የሰኞውም ቀጠሮ ይበላሽብሻል» ብለው፣ ተጎታቹን የሠራሁት እኔ ነኝ የሚለው ይውጣልሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እንደተጻፈ ይቆይ ብያለሁ። ተጎታቹ በኤግዚቢትነት የተመዘገበው በጨመዳ ስም ስለሆነ፣ በእኔ በሠሪዋ ስም እንዲስተካከልልኝ አመለክታለሁ። ከዚህ በላይ የሰፈረው ማንም ሳያስገድደኝ ያየሁትንና የማውቀውን የተናገርኩት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሃሌሉያ ገብረኪዳን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን አሜን ዲንቃ