የማይሞላው ጉድጓድ

ኦብራድ ከዳቦ ቤት ወጥቶ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ከኖቪ ሳድ ከተማ የመጣው አውቶቡስ አጠገቡ ቆመና ኔቬና ወረደች። ኔቬና የጎረቤቱ የዴሳንካ ልጅ ናት። ከተማ ውስጥ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ልጇ ንጹህ አየር እየሳበ ይደግ ብላ የወሊድ ፈቃዷን ከእናቷ ዘንድ ልታሳልፍ ከመጣች ሁለት ወር አልሞላትም። ባለፈው ሳምንት ግን ሕፃኑ ሬልያ ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ኦብራድ ዓይኑ እያየ በአምቡላንስ ተወስዶ ነበር።

ኦብራድ ሕፃኑን በዓይኑ ፈለገው። የያዘችው ግን አንዲት ቦርሳ ብቻ ነው። የስልሳ ስምንት ዓመቱ ሰው ብስክሌቱን አቆመ።

«ተርፏል፤» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «አባቱ አጠገቡ አለ። እኔ የመጣሁት እርስዎን ላነጋግር ነው፣ ጋሼ ኦብራድ። መንገድ ላይ ማግኘቴም ጥሩ ሆነ፤ እናቴ ሳትሰማን እንነጋገር።»

ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። ሐኪሞቹ የነገሯትን ነገረችው። የልጁ ደም አየር መሸከም ያቃተው የዱቄት ወተቱ በተበጠበጠበት ውሃ ምክንያት ነው። ውሃው የተቀዳው ከእናቷ የእጅ ፓምፕ ነው። አፍልታው እንደነበረ ኦብራድ ሲጠይቃት አዎ አለች፤ ማፍላት ተህዋሲያንን ይገድላል እንጂ ከፍሳሽ ወይም ከማዳበሪያ መጥቶ በውሃው የሟሟውን ጨው አያጠፋም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይብስበታል አለችው።

«አንቺስ በዚያው ውሃ አይደል ያደግሽው?» አላት።

«ያደግሁት እርስዎ መታጠቢያ ቤት ሳይሠሩ በፊት ነው።»

ኦብራድ ቆመ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባው።

ከስምንት ዓመት በፊት የቧንቧ ውሃ ወደ መንደሩ ሲገባ ኦብራድ ቤቱ ውስጥ መታጠቢያና ሽንት ቤት አሠራ። የፍሳሽ ጉድጓድ ማስቆፈር ግን ከንቱ ድካም መሰለውና የፍሳሽ ቧንቧውን አባቱ በቆፈሩት በአሮጌው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ለቀቀው። ሌላው ሰው በየጥቂት ወሩ የፍሳሽ መጣጭ መኪና ሲጠራ የእሱ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ዴሳንካ ደግሞ የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል ብላ ቤቷ ሳታስገባው ከፓምፗ አልተለየችም። ፓምፑ ከዚያ ጉድጓድ የሚርቀው ሃያ እርምጃ ያህል ነው። ጉድጓዱ ለምን እንደማይሞላ፣ የገባበት ሁሉ የት እንደሚደርስ፣ በነዚያ ስምንት ዓመታት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰው የተመቸውን ነገር መመርመር አይወድም።

ኦብራድ በሩ ላይ ሲደርስ ብስክሌቱን ከአጥሩ አስደግፎ ዞረባት። «እናንተ የከተማ ሰዎች ስትመጡ ዶሮው ይረብሻችኋል፣ ፍጉ ይሸታችኋል። አሁን ደግሞ ውሃችን መርዝ ሆነ። እዚያ መቶ ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ እየኖረ የማይታመም ልጅ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ታመመ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ እሱን ነው የምልዎት። እዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ስለቅ ከኋላዬ መስመር የሚጠግን፣ ፍሳሽ የሚያጣራ፣ ውሃ የሚመረምር ስንት ሰው አለ። አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን ይሠሩልኛል። እዚህ እርስዎ ውሃ ሲለቁ ከኋላዎ ማንም የለም። ማጣሪያውም መርማሪውም እርስዎ ነዎት። ገጠር መኖር ከከተማው የበለጠ ማወቅ ይጠይቃል፣ ጋሼ። እኔም ይህን ሳላውቅ ነው ልጄን አቅፌ የመጣሁት።»

«አፈር ያጣራል። አያቶቻችን በምን ኖሩ?»

«ያጣራል፤ የላይኛው አፈር፣ ሥርና አየር ያለበት። የእርስዎ ቧንቧ ግን ያንን አፈር ዘሎ ከውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። አባትዎ ያን ጉድጓድ የቆፈሩት ውሃውን ለመድረስ አልነበረም?»

ኦብራድ ፊቱ ቀላ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቀጥታ ተናገሪው። ልጅሽን የመረዝኩት እኔ ነኝ?» አላት።

ኔቬና እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ «አላውቅም፤» አለች። «የእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል፤ የእናቴ ሽንት ቤት ሊሆን ይችላል። ሳላረጋግጥ ሰው አልከስም።» ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ጉዳት የሌለው አረንጓዴ ማቅለሚያ ነው፤ የውሃ መስመር መርማሪዎች የሚጠቀሙበት። በኦብራድ ሽንት ቤት ይፈስሳል፤ በወር ውስጥ በእናቷ ፓምፕ ካልታየ፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ይቅርታ እንደምትጠይቀው ቃል ገባች።

ኦብራድ ጠርሙሱን ተቀብሎ ራሱ ገብቶ ደፋው።

ከማግሥቱ ጀምሮ በየጠዋቱ ብርጭቆ ይዞ ወደ ዴሳንካ ግቢ ይገባ ጀመር። ኔቬና ለእናቷ የታሸገ ውሃ ገዝታላት፣ ከፓምፑ ማንም እንዳይጠጣ አስጠንቅቃ ተመልሳለች። እሱ ግን የፓምፑን እጀታ ይጫናል፣ ብርጭቆውን ይሞላል፣ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ እያየው ጭልጥ አድርጎ ይሄዳል። ዴሳንካ በመስኮቷ ታየዋለች። አርባ ዓመት በአጥር ላይ ሲጨዋወቱ የኖሩ ሰዎች፣ ከዚያ ሳምንት ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሌሊት የሕፃኑ ከንፈር በዓይኑ ይመጣበታል፤ ጠዋት ግን ተመልሶ ይሄዳል። ጥፋቱን ከማመን መጠጣቱ ይቀልለው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያደርስ ቀና አለና ውሃውን አየው። ከፓምፑ በላይ የተዘረጋው የወይን ሐረግ ጥላ ያረፈበት መሰለው። ወደ ነጩ ግድግዳ ሄዶ አስጠግቶ ያዘው። አረንጓዴ ነው። ሌላ ቀዳ፤ እሱም አረንጓዴ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ምን ሲጠጣ እንደከረመ አወቀ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የታሰበው የራሱ ሆድ አልነበረም፤ የሕፃኑ ጡጦ ነበር። ዴሳንካም ከመስኮቷ አየች። መጋረጃውን ዘጋችው።

በዚያው ቀን ለኔቬና ስልክ ደወለላት። ይቅርታ ለማለት ሞክሮ ቃሉ አልወጣለት ሲል፣ እሷ ቀድማ የሚሠራውን ነገረችው። አሮጌው ጉድጓድ ተመጥጦ፣ ተጠርጎ፣ በሸክላ አፈር ይደፈን። በምትኩ ከፓምፖቹ ርቆ፣ ፍሳሽ የማያሳልፍ፣ ሁለት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ታንክ ይሠራ። ዘይትና ጨርቅ አይጣልበት፤ ሳይሞላም በጊዜው ይመጠጥ።

ኦብራድ ይህን ሁሉ አደረገ፤ በዚያም አላበቃም። በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ሲደረግ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። «ጉድጓዴ አይሞላም እያልኩ ስኮራባችሁ ነበር፤» አለ። «የማይሞላው ወደ ዴሳንካ ፓምፕ ስለሚሄድ ነው። የእናንተም የማይሞላ ካለ የማን ማሰሮ ውስጥ እንደሚገባ አስቡ።» አንዱ፣ አንተ እኮ ስትጠጣው ምንም አልሆንክም ሲል ተረበው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የሬልያን ጥፍር ያላየ ይሳቅ፤» አለ ኦብራድ። የሳቀ አልነበረም። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ዘጠኝ ቤት ፍሳሹን በአሮጌ ጉድጓድ እንደሚለቅ ተናዘዘ። መንደሩም ታንኮቹን በጋራ ለመሥራት፣ ፓምፖቹን በየዓመቱ ለማስመርመር ተስማማ። በሁለተኛው ዓመት የአምስት ፓምፖች ውሃ መሻሻል አሳየ፤ በየበጋው ልጆችን ይጥል የነበረው ተቅማጥ ቀነሰ፤ ከከተማ ለመመለስ ያመነቱ የነበሩ ሁለት ቤተሰቦችም መጥተው ቤት ሠሩ።

የዴሳንካ ፓምፕ ውሃ ግን እስኪጠራ ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ኔቬና ከመጀመሪያው አልደበቀችም። ስለዚህ ስብሰባው በተደረገበት በዚያው ሳምንት ኦብራድ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ከራሱ ግቢ እስከ ዴሳንካ ወጥ ቤት ለቧንቧ ውሃ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ሦስት ቀን ቆፈረ፤ ሦስቱንም ቀን የመስኮቷ መጋረጃ እንደተዘጋ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዴሳንካ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። በቦዩ ጫፍ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

«በዚህ ጥልቀት ብርዱ ሲመጣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤» አለችው። «ጨምርበት።»

ኦብራድ ቀና ብሎ አላያትም። «እሺ፤» አለና መቆፈሩን ቀጠለ።