የጠቆረው አቮካዶ

«በዚህኛውም ላይ ሎሚ ጭመቂበት» አልኳት፣ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ጁስ የምትሠራውን ልጅ። ለሁለት ከገመሰችው አቮካዶ ሎሚ የነካው እንደለመለመ ነው፤ ሌላው ዓይኔ እያየ ጠቆረ።

«አየር በላው እኮ አባባ!» ብላ ሳቀች። ጨመቀችበት።

ጠበቅሁ። የሐይቁ ንፋስ ሽው ሲልብኝ በሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዓይኔን የስኳር በሽታዬ ጭጋግ አልብሶታል። የሽፈራው ቅጠል ብርሃንህን ይመልስልሃል ስላሉኝ የሐኪሙን ክኒን ትቼ ቅጠሉን ብቻ ስጠጣ ከርሜያለሁ። አቮካዶው ግን እንደጠቆረ ቀረ። ያን ጊዜ ልቤ ፈራ፤ ለማንም ያልነገርኩትን የክኒኑን ነገር ለእሷ ነገርኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ሎሚ ያልጠቆረውን ያቆያል እንጂ የጠቆረውን አይመልስም። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፤ የቀረው ብርሃን እንዳይሄድብዎ።»