ሰባት ዓመት ከአጥር ውጪ

በእኛ ጊዜ የነፍስ አባት ደጅ ላይ ብቅ ካሉ ቤቱ በሙሉ ብድግ ነበር የሚለው። የሚበላው እጁን ይጠርጋል፣ የሚጣላው ዝም ይላል። ዛሬ በስልክም ይናዘዛሉ አሉ፣ እኔ እንጃ። የምነግርሽ ካዛንቺስ፣ ያ አሁን ፈርሶ መንገድ የሆነው ግቢ ውስጥ ስንኖር ነው። ከጻፍሽ አይቀር ዘነበች አለች ብለሽ ጻፊ። የነፍስ አባቴን የመምሬን ስም ግን አልነግርሽም፣ ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር። ሕፃኗን ደግፊያት እንጂ፣ አንገቷ ገና ነው።

ታዲያ ሰናይትን፣ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ሰው እልል አለ፣ እኔ ግን ሳያት ምንም አይሰማኝም። ምንም! ስታለቅስ የጎረቤት ልጅ ነው የምትመስለኝ። አንድ ቀን እንዲያውም ጥያት ብሄድስ ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ብቻ ነው፣ ሰማሽ? ፈራሁ። እና እንዲህ ያለው ለማን ይነገራል? ለነፍስ አባት። መምሬ ሲመጡ ተንበርክኬ፣ "አባቴ፣ ልጄን አልወደድኳትም" አልኩ። "ክፉ መንፈስ ነው፣ ስገጂ" አሉኝና ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ቦኖ ውሃ ልቀዳ ወረፋ ይዤ፣ አንዷ ድምጿን ቀጠን አድርጋ፣ "ውይ እህቴ፣ ልጅቷን እኔ ላሳድግልሽ? ልትጥያት ነው አሉ!" አትለኝም! ሴቶቹ ሳቁ። ጀሪካኔን እዚያው ትቼ ተመለስኩ። ለካ መምሬ ለአማቴ ነግረዋታል። ለአማቴ! አማቴ ደግሞ ለሰፈሩ።

እሑድ ደብሩ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ልጅቷ ክርስትና ስላልተነሳች መግባት አልችልም፣ ታውቂያለሽ። ሲወጡ፣ "አባቴ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ የነገርኩትን ለምን ለሰው ነገሩብኝ?" አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ሰው ዞረ። ፊታቸው ቀላ፣ መስቀላቸውን አነሱና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ "አንቺ ባለጌ! ካህን ትከሺያለሽ? ገዝቼሻለሁ! የዚህን ደብር ደጅ ብትረግጪ ውግዝ ከመ አርዮስ!" በቃ። ባሌ እንኳ ያን ቀን ራቅ ብሎኝ ነው የሄደው።

ሰናይት ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ አማቴ ይዛት ገባች። እናት ከልጇ ጋር ነበር የምትገባው። እኔ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ፣ ውሃው ቀዝቅዟት ስታለቅስ ሰማኋት። ያኔ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር የተነቃነቀ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልሽ፣ መቼ እንደወደድኳት አላውቅም።

ታዲያ ሌላ ደብር ሄጄ አንድ ቄስ ጠየቅኩ። "የገዘተሽ ይፍታሽ እንጂ እኔ በሰው ቃል አልገባም" አሉኝ። ወደ መምሬ ሽማግሌ ላክሁ፣ "ትጠብቅ" አሉ። ጠበቅኩ። እሳቸው ሰፈር ቀየሩ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ሰባት ዓመት፣ ልጄ፣ ሰባት ዓመት ነጠላዬን ለብሼ እሄዳለሁ፣ አጥሩን ስሜ እዚያው እቆማለሁ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ግማሹን የታክሲ ረዳት ይበላብኛል። ካህኑ "እግዚኦ" ሲሉ ረዳቱ "ስታዲየም! ስታዲየም! አንድ ሰው!" ይላል። የእኔ ጸሎት ደግሞ አንድ ነበር፤ "ጌታዬ፣ እሳቸው ናቸው የተቆጡኝ ወይስ አንተ?" ብቻ በማግስቱ እንደምንም እነሳለሁ።

አንድ እሑድ ሰናይት ከአያቷ ጋር አልገባም አለች። "ለምን?" አልኳት። "አንቺ የማትገቢው በእኔ ምክንያት ነው አሉ። እኔም እዚህ እቆማለሁ።" ማን እንዳላት አልጠየቅኩም።

በማግስቱ መምሬን አፈላልጌ አገኘኋቸው፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ እህታቸው ቤት። ታመው ተኝተዋል። የምላቸውን መንገድ ሙሉ ሳጠና ነው የሄድኩት። ገባሁ፣ ያ ወፍራም ድምፅ የለም። "አባቴ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ" አልኩ።

"የምን ግዝት?"

"ካዛንቺስ፣ ሰው ፊት የገዘቱኝ።"

አዩኝ፣ አዩኝና፣ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ? እኔ ገዝቼሽ ነበር እንዴ?"

ረስተውታል! ሰባት ዓመት ዝናብ ላይ ያቆመኝን ቃል ረስተውታል! ልጩህ? ልሳቅ? ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉና መስቀላቸውን ፈለጉ። እጃቸው አልደረሰም፣ እኔው አቀበልኳቸው። እኔው አቀብዬ እኔው ተሳለምኩ! ለምን እንዳቀበልኳቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ይቅር ብያቸው ነው? አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ አዲስ እቃጠላለሁ።

እሑድ ገባሁ። የት እንደሚቆም ጠፋኝ፣ ሰናይት እጄን ይዛ፣ "እማዬ ጫማሽን፣ እዚህ ጋ ሳሚ፣ ሴቶች በዚህ ናቸው" ትለኛለች። ሰማይ ይከፈታል ብዬ ነበር። ምንም የለም፣ ሻማና የሰው ትከሻ። እና ዓይኔን ስጨፍን ያችኑ የውጪዋን ጸሎት ስጸልይ ራሴን አገኘሁት። ለካ እዚያ ውስጥ ያለው ጌታ ያው አጥር ስር ከእኔ ጋር ሲበሰብስ የከረመው ነው። "ወይ አንተ፣ እዚህም አለህ?" አልኩት።

እትዬ ዘነበች ይህን ብለው ሳቁ፣ ሳሉም። እኔ መጻፌን አቆምኩ። የኔ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ አሥር ቀን ነው የቀረው፣ ለነፍስ አባቴ ገና ምንም አልነገርኩም።

"እትዬ፣ እኔም ልጄን ሳያት..." አልኩ።

ጠጋ ብለው ዓይኔን አዩ። "ደህና እንቅልፍ ከተኛሽ ስንት ቀን ሆነሽ?"

"እንጃ።"

"በይ እሷን ወዲህ አምጪ" አሉኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው። "አንቺ እዚያ አልጋ ላይ ጋደም በይ።"