ስድቡ ደረሳት፣ ቁራሹ ግን አልደረሳትም

ባለፈው ጥቅምት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መሪጌታ ወልደአረጋይ ከጎኔ ተቀመጡ። በገና ወዳዶች በሚወያዩበት የቴሌግራም ቡድናችን እርሳቸውን የማያውቅ የለም፤ እውቀታቸው ሰፊ፣ ቃላቸው ግን ኮሶ ነው። ሹፌሩ በስማቸው ሲጠራቸው ከፊታችን የነበረች ወጣት ዞር ብላ እጅ ነሣች። ፋና እባላለሁ፣ በደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ነርስ ነኝ አለች።

ነገሩ ገባኝ። በዚያ መጠለያ የምትኖር አልታየች የምትባል ተፈናቃይ በገናዋን በናይለን ክር አሥራ ድምፁን ለቡድኑ ልካ ነበር። መሪጌታም «ይህ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ጣትሽን ለሽንኩርት አቆዪው» ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሴትዮዋ ያኔውኑ ከቡድኑ ወጣች።

«በገናዋን ልትሸጠው ነው» አለች ፋና። «ገዢው ቅዳሜ ይወስደዋል። መጽናኛዋ እሱ ብቻ ነበር።»

«ልጄ፣ የጻፍሁት ሐሰት አለበት? አውታር ከበግ አንጀት ነው የሚገመድ። እኛም ቅኔ ቤት እየተሰደብን ነው የተማርን።»

«የሰደቡዎት መምህር ማታ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ለምኜ ያመጣሁትን ቁራሽ ከአኩፋዳዬ አውጥቼ አብረን እንቀምስ ነበር።»

«እሷ ግን የደረሳት ስድቡ ብቻ ነው፤ ቁራሹ አልደረሳትም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ለምን ናይለን እንዳሠረች ጠየቁ። አውታር የሚገምድ ሰው ስለማታውቅ ነው አለቻቸው። መሪጌታ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አውታር ገማጅ ናቸው! ቀድሞ በጨዋ ቃል ቢጠይቋት ነገሩ በአንድ መልእክት ባለቀ ነበር።

«ጽሑፉን ላጥፋው?»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መሪጌታ። የሰደቧት በስምንት መቶ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ይሁን።»

አንኮበር ሳንደርስ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ፦ «እህቴ አልታየች፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። አውታር እልክልሻለሁ።» ፋና ወደ መጠለያው ስትመለስ ለአልታየች አሳየቻት። ዓርብ ዕለት አሥር አውታር በዚያው ሚኒባስ ተላከ፤ ቅዳሜ የመጣው ገዢ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አልታየች ወደ ቡድኑ ተመልሳ አዲስ ድምፅ ላከች። ሁላችንም የመሪጌታን ቃል ጠበቅን። «አራተኛው አውታር ላልቷል፤ ጥቂት አጥብቂው። ሌላው መልካም ነው» አሉ። ወዲያው አጥብቃ እንደገና ላከችው።

ዛሬ ጀማሪዎች ሳይፈሩ ይጠይቃሉ፣ መሪጌታም ያስተምራሉ። በስድቡ ዘመን ብዙ ሰው ከቡድኑ ወጥቷል፤ አውታሩን ያጠበቀ ግን አንድም አልነበረም።