አንደኛው ካንዴላ

ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ እየተርገፈገፈ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው ላለችው ቱታዋን ዘይት የነካው ወጣት መካኒክ ሲያማርሩ ሰማሁ።

«መካኒኬ በስልክ ‹አንደኛውን ካንዴላ ይቀይሩ› አለኝ፤ ቀየርኩ። መኪናዬ ግን ያው እንደዚህ ሚኒባስ ትንቀጠቀጣለች! አንተ ሌባ ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።»

«ከየት በኩል ቆጠሩ አባባ?»

«ከመሪው በኩል ነዋ!»

«ለምን?»

«መሪ እያለ ሌላ ማን አንደኛ ይሆናል?»

«ኧረ አባባ! ሲሊንደሩም ካንዴላውም የሚቆጠረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ካለበት ጫፍ ነው።»

«እንዴ! ታዲያ እኔ የቀየርኩት ስንተኛውን ነው?»

«አራት ሲሊንደር ከሆነች አራተኛውን ነዋ። ደህናውን ነው አውጥተው የጣሉት።»

«ሰውዬውን በከንቱ ሰደብኩት በይኛ!»

«ይደውሉና ይቅርታ ይጠይቁት።»

«ምን ብዬ ልጄ?»

«‹ከኋላ ቆጥሬ ነው› ይበሉት።»

«በዚህ ዕድሜዬ መቁጠር አልችልም ልበል?»

ይሄኔ ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ ልጅቷን በመስታወት አያት።

«እህቴ፣ ከየት በኩል ነው ያልሽው?»

መውረጃዬ ገና ሦስት ፌርማታ ቢቀረውም፣ ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ።