ሸክም ያልሆነ ሙቀት

በመስከረም መጨረሻ፣ በሰሜን ሚኒሶታ የዛፉ ቅጠል ሁሉ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ የሰባ አራት ዓመቱ አቶ ቨርሊን ቶሌፍሰን በሁለት ሐይቆች መካከል ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ዳሌያቸውን ያሹ ነበር። በዚያ አገር ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚሻገር ሰው ታንኳውንም ጓዙንም ተሸክሞ በየብስ ያልፋል። አቶ ቨርሊን ታንኳቸውን አሻግረዋል፤ አንዱን ቦርሳም እንዲሁ። ሦስተኛው ሸክም ላይ ግን ዳሌያቸው አልሄድም አለ። ከዚህ ወዲያ ደግሞ ሁለት የሸክም መንገድ ይቀራል።

መድረስ ነበረባቸው። ሐይቁ በረዶ ከመያዙ በፊት ከወንድማቸው ከአርቪድ ጋር ሃምሳ መኸር ሙሉ ዓሣ ያጠመዱት እዚያ ማዶ ነው። አርቪድ በግንቦት ሞተ። ልጃቸው ሶልቬግም፣ "አባዬ፣ ዘንድሮ ሳትደርስ ከተመለስክ ታንኳውን እንሸጠዋለን" ብላ ቃል አስገብታቸዋለች።

ታንኳዋን እንደ ባርኔጣ አናቷ ላይ የደፋች ሴት ከወዲያ ማዶ እያንጎራጎረች መጣች። የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ ማሪት ናት፤ የሳይንስ አስተማሪ ስትሆን፣ ሦስት ቀን ሰንብታ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር።

"አባባ ቨርሊን፣ ምነው ተቀመጡ?"

"ግንዱ ብቻውን ሆኖ አሳዘነኝ።"

ማሪት ታንኳዋን አውርዳ ቦርሳቸውን ልታነሳ ሞከረች። "ምን አስገብተውበት ነው? ድንጋይ?"

"አራት የሱፍ ብርድ ልብስ። ያንቺስ ጓዝ የት አለ?"

"ይኸው፣ ጀርባዬ ላይ።"

ከቦርሳዋ ሁለት ጭብጥ የምታክል ጥቅል አወጣች። ስትፈታው ብርድ ልብሱ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ። ሽማግሌው በሁለት ጣታቸው ዳበሱትና ሳቁ።

"ይሄ የትራስ ልብስ ነው፣ ልጄ። ብርድ የሚፈራው ከባድ ነገር ነው።"

"ብርድ ሚዛን ይዞ አይመጣም፣ አባባ። የሚያሞቅዎት ሱፉ ሳይሆን በሱፉ መሃል የታሰረው አየር ነው። አየር ደግሞ አይከብድም።"

"ክረምት ላይ ቤቴ ገብቶ የሚያንቀጠቅጠኝ እኮ አየር ነው።"

"እሱ የሚሮጠው ነው። እኔ የምልዎት የታሰረውን።"

በቃል እንደማትረታቸው ስላወቀች ቦርሳቸውን አዝላ፣ ታንኳቸው ወዳለበት ዳርቻ አብራቸው ወረደች። በሁለት ማንቆርቆሪያ እኩል ውሃ አፈላች። አንዱን በእሳቸው ሱፍ፣ ሌላውን በእሷ ብርድ ልብስ ጠቀለለችና በጢስ ያደረቀችውን ዓሣ በዳቦ አድርጋ አቀረበች። ከሰዓት በኋላ፣ የዛፎቹ ጥላ ሲረዝም ሁለቱንም ፈቱ። አቶ ቨርሊን ጣታቸውን ነከሩ፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን።

"እኩል ነው" አሉ በድል። "አየሽ? አልበለጠኝም።"

"እኩል ነው። አሁን ሁለቱንም ብርድ ልብስ ያንሱ።"

በቀኛቸው የእሷን፣ በግራቸው ሱፉን ያዙ። ግራ ትከሻቸው ወረደ። ሱፉን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት።

"ዝናብ ሲመጣስ? ሱፍ ርሶም ያሞቃል።"

"እውነትዎን ነው። ላባ የተሞላውን ብይዝ ኖሮ ሲርስ ተጣብቆ ከንቱ ይሆን ነበር፤ እሱ ለደረቅ ብርድ ነው። ለውሃ አገራችን ብዬ ይሄን ሰው ሠራሽ መረጥኩ። ቢርስ ጨምቀው ያራግፉታል።"

"የእሳት ፍንጣሪስ?"

"እሱ ላይ ተረታሁ። ይበሳዋል። እሳት ዳር ሱፍ ይሻላል።"

ሰው የያዘውን ሁሉ ጣል ሲሉት አጥብቆ ይጨብጣል፤ እውነቱን ሲመሰክሩለት ግን ጣቱ ይላላል። የአቶ ቨርሊንም እንዲሁ ላላ።

"ሁለቱ የአርቪድ ናቸው" አሉ ወደ ውሃው እያዩ። "ስሸክፍ እጄ እንደለመደው አራቱንም ከተተ። ቤት ልተዋቸው አልሆነልኝም።"

ማሪት አጠገባቸው ተቀመጠች። "ጋሽ አርቪድ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር? ብርድ ልብሴን አድርስልኝ ነው ወይስ አንተ ድረስ?"

"አርቪድማ ሰነፍ ነበር። ሦስተኛውን ዙር ሁልጊዜ እኔን ነው የሚልከኝ።" ሳቁ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ድረስ ነበር የሚለው።"

ብርድ ልብሷንና እንደሱው የተሠራ ሰፊ ጃኬቷን ሰጠቻቸው፤ እሷ ሦስቱን ሱፍ ይዛ ልትመለስ ሆነ።

"ሲጓዙ ጃኬቱን ያውልቁ፤ ላብ ሲቀዘቅዝ ከብርዱ ይብሳል። ሲያርፉ ግን ሳይበርድዎት ይደርቡት። የቀረውን ሱፍ ከሥርዎ ያንጥፉ፤ ቀላሉ ብርድ ልብስ ሲጨፈለቅ አየሩ ያመልጣል።"

"የቀረው የአርቪድ ይሁን" አሉ።

የቀሩትን ሁለት መንገዶች በሁለት በሁለት ዙር ብቻ አለፉ። በማግስቱ ጠዋት ታንኳው ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ እሳቸው ግን ሞቋቸው ነቁ፤ ፀሐይ ሳትወጣም ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሁለት አወጡ።

በአራተኛው ቀን ሶልቬግ መኪናዋን አቁማ ዳርቻው ላይ ጠበቀቻቸው። "በጣም ደከመህ፣ አባዬ?"

አቶ ቨርሊንም፣ "እስቲ ይቺን ያዢልኝ" ብለው ቦርሳቸውን አቀበሏት። ሶልቬግ የለመደችውን ክብደት ለማንሳት እግሯን ተክላ ብትስበው፣ ቦርሳው እንደ ወፍ ብድግ አለና እሷ ወደ ኋላ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ታንኳው አልተሸጠም። አቶ ቨርሊንም ዛሬ ለእኩዮቻቸው እንዲህ ይላሉ፦ "ብርዳችሁን እወቁና እንደ ብርዱ ምረጡ። ለደረቁ ላባ፣ ለእርጥቡ ሰው ሠራሽ፣ ለእሳት ዳር ሱፍ። ከጀርባችሁ የወረደው ሸክም ለጉልበታችሁ ዕድሜ ይሆናል። የሞተባችሁን ሰው ደግሞ በትከሻ አትሸከሙት፤ እሱ በልብ ነው የሚያዘው፣ እዚያ አይከብድም።"